ጩኸቴን ያጸዳው አቀናባሪ

ተናድጃለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ታዲያ መናደድሽን ለምን አልነገርሽንም?» እንዳትሉኝ ነው። እኔ ስናደድ ማንም አያውቅብኝም። ሌላ ሰው ሲቆጣ ፊቱ ይቀላል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። እኔ ስቆጣ አቀርቅሬ የነጠላዬን ጥለት እቆጥራለሁ። ሰዉም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ይላል። ጨዋ አይደለሁም፤ ዓይን አፋር ነኝ። ጨዋ ሰው ውስጡም ዝም ያለ ነው። የእኔ ውስጥ ግን ክዳኑ የተከደነበት ድስት ነው።

ዓይን አፋርነቴ ምን ያህል እንደሆነ እንድታውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። ሌላ ሰው ይላት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ማንም አላላትም። መኪናው ደግሞ የሚሄደው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ደረስን። ሰዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ፣ እኔ አንድ እስር ጎመን ይዤ ወረድኩ። ጥበቃው በየት በኩል እንደምበር ጠየቀኝ። ለእሱም አልመለስኩለትም።

እንግዲህ የሮክ ዘፋኝ ልሁን ብላ የተነሣችው ይህች ሴት ናት።

ሥራዬ ላሊበላ ከተማ ዳር ካለ ወፍጮ ቤት ነው። እህል እመዝናለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማረኝ ሚዛኑና ሞተሩ ናቸው። ሞተሩ ሲነሣ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ተጣልተው የመጡ ጎረቤታሞች እንኳ መሰዳደቡ ሲያቅታቸው ታርቀው ይወጣሉ። በዚያ ጩኸት መሀል እኔ እዘፍናለሁ። ማንም ስለማይሰማኝ በሙሉ ጉሮሮዬ ነው የምዘፍነው። አፌ ሲከፈትና ሲዘጋ ያየ ሰው ካለ ዱቄት ገብቶባት ነው ይላል።

ሮክና ሜታል የሚባለውን ያገኘሁት ደግሞ በማፈሬ ነው። ስልኬ ላይ ዘፈን ላስጭን ብዬ ዘፈን ከሚጭኑበት ሱቅ ሄድኩ። ልጁ «ምን ልጫንልሽ?» ሲለኝ የምፈልገውን መናገር አፍሬ «ያለውን» አልኩት። ያለውን ጫነልኝ። ቤቴ ገብቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ወፍጮው ተነሣ። ጊታሩ እንደ ሞተር ያጓራል፣ ድራሙ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሊበጠስ ሲል እንደሚማታው ይማታል፣ አንድ ሰውዬ በዚያ መሀል ይጮኻል። በምን ቋንቋ እንደሚጮኽ አላወቅሁም፤ ምን እንዳለው ግን ገባኝ። ተናዷል። ተናድዶም አላፈረም። እንዲህም ይቻላል ለካ አልኩ።

የእኔ ንዴት የቆየ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ገብስ አሸክማ ወደ ወፍጮ ትልከኝ ነበር። በጠዋት ደርሼ ከፊት እቆማለሁ። አንዲት ሴትዮ ሕፃን አስተኝታ እንደመጣች ትነግረኛለች፤ አሳልፋታለሁ። ሌላው መንገዴ ሩቅ ነው ይላል፤ አሳልፈዋለሁ። ሦስተኛው ምንም ሳይል በላዬ ላይ አልፎ እህሉን ይደፋል፤ እሱንም አሳልፈዋለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤት ስገባ እናቴ የት ስጫወት እንደዋልኩ ትጠይቅና ትቆጣኛለች። «ተራዬ ነው» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ዓመታት ቆየች። ቆይታ ቆይታ ዘፈን ሆነች፦

ተራዬ ነው፣ ተራዬ ነው፣
ቁናዬን ሞልቼ ቆሜ ሳለሁ
በላዬ ላይ የሚደፋው ማን ነው?
ተራዬ ነው።

ሲያነቡት ብዙ አይደለም፤ ሲጮኹት ግን ብዙ ነው። አንድ ቀን ስልኬን ጆንያ ላይ አስቀምጬ ከነወፍጮው ቀረጽኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ያልተናገርኩት በዚያች አራት ደቂቃ ውስጥ አለ። እንዲያምር አልፈለግሁም። ሰው ሲሰማው ፈቀቅ እንዲልልኝ ነው የፈለግሁት። የጎደለኝ ጊታርና ድራም የሚያስገባልኝ ሰው ብቻ ነበር።

አቀናባሪውን ያገኘሁት በስልክ ካየሁት ማስታወቂያ ነው። ስሙ ዮኒ ነው፣ ወልዲያ ይኖራል፣ በግሉ ነው የሚሠራው። ማስታወቂያው «ሮክ፣ ሜታል፣ ሬጌ፣ የሠርግ፣ የልደት፣ የምረቃ፣ አዲስ ለሚከፈት ሱቅም ጭምር። ሦስት ጊዜ በነፃ እናስተካክላለን» ይላል። ሰባት ዓይነት ምግብ ጽፎ የለጠፈ ምግብ ቤት ውስጥ ያለው ሽሮ ብቻ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን «ሜታል» የሚለውን ሳይ ዓይኔ ሌላውን ዘለለው።

እኔ እጽፍለታለሁ፣ እሱ በድምፅ ይመልሳል። በመጀመሪያው መልእክቱ «ማሬ፣ አትጨነቂ፣ ሜታል ማለት እኔ ነኝ» አለኝ። ማሬ የሚለኝ በአክብሮት መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ግን የላስታ ነጭ ማር መልካምነቱን እንደሰማ አጫወተኝ። አጎቴ ቀፎ አለው፤ በሾፌር እጅ አንድ ጀሪካን ላክሁለት። ከዚያ ወዲያ ማሬ ሲለኝ ማንን እንደሚጠራ እርግጠኛ አልሆንኩም።

ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መጣ። አብሮት መልእክት አለ፦

«ማሬ፣ ቀረጻሽ ላይ የሚያስጠላ ጩኸት ነበረበት። የወፍጮ ነገር መሰለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለቅም ከርሜ አጸዳሁልሽ።»

ከፈትኩት። ወፍጮው የለም። ሞተሩ የለም፣ ቺንጋው የለም፣ ድንጋዩ የለም። እኔ ብቻዬን ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ የምለምን ሴት መስያለሁ። ጊታር ያለው ነገር ከኋላዬ በቀስታ ይቧጭራል፤ ውጭ የቀረች ድመት በር ስትቧጭር እንደምትሰማው። ወፍጮውን እኮ እኔ ነኝ ያስገባሁት! ከጆንያ ላይ ዱቄቱን አራግፎ ባዶ ጆንያውን የሚመልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደሜ ፈላ። ከዚያ በገዛ እጄ ጻፍኩለት፦

«እግዜር ይስጥልኝ። በጣም ያምራል። ደክመህበታል።»

ምን ላድርግ? ሰው ሦስት ቀን ደክሞ ያመጣውን «አልወደድኩትም» እንዴት ይባላል? እኛ ያደግነው ጨው የበዛበትን ወጥ «እንዴት ይጥማል» እያልን ሁለተኛ ጭልፋ እያስጨመርን ነው። በዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ዝንብ አይገባም፤ አቀናባሪ ግን ይገባል።

ሦስት ቀን ተብሰለሰልኩና ለእኔ እንደ ስድብ የሚቆጠር ነገር ደፍሬ ጻፍኩ፦ «ካላስቸገርኩህ፣ እንደው ምናልባት፣ ትንሽ ቆጣ ቢልስ?» ወዲያው እንደገባው ነገረኝ። ያልገባው ሰው ነው ወዲያው የሚገባው። ሁለተኛው ሥራ ሲመጣ ቆጣ ማለት በእሱ ቤት ድምፁን ከፍ ማድረግ ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ላይ ድምፄ እንደሚሻክር አይቶ በኮምፒዩተር አለስልሶልኛል። ስኳር የላሰች ወፍ መስያለሁ። «ተራዬ ነው» የምለው ሰው ሁሉ በላዬ ቢያልፍ ደስ እንደሚለኝ ሆኖ ነው። አሁንም ደሜ ፈላ፤ አሁንም እጄ «ተሻሽሏል፣ ተባረክ» ብሎ ጻፈ። እጄን ብቆርጠው ደስ ባለኝ፤ ሚዛኑን የሚይዝልኝ አጣለሁ እንጂ።

ሦስተኛውን እኔ አልጠየቅሁም። ራሱ አሰበበት። አንድ የላሊበላ ልጅ ዘፍና የላሊበላ ነገር የሌለበት ዘፈን ይቅርታ የማይደረግለት ጥፋት ነው ብሎ ጸናጽል ጨመረበት። ከበሮ ጨመረበት። ሲጨርስ እልልታ ደረበበት። የቤተ ክርስቲያን ጸናጽል፣ የሠርግ እልልታ፣ የድመቷ ጊታር፣ ከመሀላቸው ስኳር የላሰችው ወፍ። በመጨረሻም የምሥራች አለኝ፦ እሑድ ወገል ጤና ትልቅ ሠርግ አለ፣ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየውም ዘፈን የሚመርጠውም እሱ ነው፣ ሙሽራዋ ስትገባ የእኔን ያሰማል፣ በዚያው ዕለት ከነስሜ ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል።

እስከ እሑድ ስድስት ቀን ነበረኝ። እሑድ ካለፈ ያ ዘፈን እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ስኳር በላሰው ድምፅ ይሆናል፤ የእኔ ቁጣ መቼም አልነበረም ማለት ነው።

በማግስቱ ሥራ ላይ የአንዷን ጤፍ ለሌላዋ መዝኜ ሰጠሁ። ባለወፍጮው ጋሽ ሞላ ይህን ከእኔ አይተው ስለማያውቁ ቀርበው ምን እንደሆንኩ በምልክት ጠየቁኝ። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ማንም አይሰማኝም ብዬ ባለኝ አቅም «ዘፈኔን አበላሸብኝ!» አልኩ። ይህን ስል ናፍጣው አልቆ ሞተሩ ቀጥ አለ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በሙሉ ዞረው አዩኝ። ከዚያ በኋላ መካድ አልተቻለም፤ ቁጭ አድርገውኝ ነገሩን አወጣጡኝ። አንዷ ፖሊስ አለች፣ አንዷ ጠበል አለች፣ አንዷ ዘፈኑን ሰምታ ይህ ምን ይከፋል ብላ ወገቧን ልትነቀንቅ ሞከረች። ለእሷ ደግሞ ለብቻዋ ተናደድኩ።

ጋሽ ሞላ ግን ጉዳዩን እንደ ሰው ጉዳይ ያዙት። በእኛ አገር ላም አዝመራ ከበላች ሽማግሌ ይላካል። ባልና ሚስት ከተጣሉ ሽማግሌ ይላካል። ዘፈን ከተበላሸ የማይላክበት ምክንያት አልታያቸውም። አንድ መልእክት «አልወደድኩትም» ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያን ከመጻፍ ሽማግሌ ይዞ ስልሳ ኪሎ ሜትር መጓዝ ቀለለኝ። ልብ በሉ፤ ያን ዕለት ይህ ሐሳብ በጣም ብልህ መስሎኝ ነበር።

ዮኒ ወደ ወገል ጤና ሲያልፍ ረቡዕ መገንጠያዋ ጋሸና ላይ እንደሚያርፍ አወቅን። ከላሊበላ ጋሽ ሞላና የነፍስ አባቴ ቄስ ሞገስ ከእኔ ጋር ተሳፈሩ። ቄስ ሞገስ ማኅሌት ላይ ከቆሙ ዕድሜ ልካቸው ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ ሐጂ ሰይድ ጋሸና ነው የሚኖሩት፤ ለወፍጮ ቤታችን እህል የሚያመጡልን ነጋዴ ናቸው። ለዮኒ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ በስልክ ሲነገረው ማር የሚጨመርለት መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

ጋሸና መኪና የማያጣ ቦታ ነው። ከአንድ ምግብ ቤት በራፍ የዮኒ ፒክአፕ ቆሟል፣ ኋላው ላይ እንደ ቁም ሣጥን ያሉ ድምፅ ማጉያዎች ተጭነዋል። ሰውየውን ያን ዕለት ነው ያየሁት። ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ፣ የሚስቅ፣ ክፋት የሌለበት ልጅ ነው። ክፋት ቢኖረው እንኳ በደህና እጠላው ነበር። አንድ ጥፋት ግን በገዛ እጁ ሠራ፤ ረቡዕ መሆኑን ረስቶ ቄስ ሞገስ ፊት ጥብስ አዘዘ። ቄሱ መስቀላቸውን ከጥብሱ ራቅ አድርገው አስቀመጡ።

ሽምግልናው እንደ ወጉ ተጀመረ። ስለ ጤና ተጠያየቁ። ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ስለ ናፍጣ መወደድ ሲነሣ ጋሽ ሞላ ለብቻቸው ሩብ ሰዓት ወሰዱ። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ጥለት እቆጥራለሁ። በመጨረሻ ዘፈኑ ይሰማ ተባለና ዮኒ በደስታ ወጥቶ በድምፅ ማጉያው ለቀቀው። ጋሸና በሙሉ ሰማው። አንድ አህያ ጆሮዋን አቆመች።

ቄስ ሞገስ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ አዳመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፦

«ይህ ጸናጽል ከምቱ ወጥቷል» አሉ።

«እኔ አይደለሁም አባ፣ ኮምፒዩተሩ ነው የመታው» አለ ዮኒ።

«ኮምፒዩተሩ ማኅሌት ቆሞ ያውቃል?»

ዮኒ እንደማያውቅ አመነ። ሐጂ ሰይድ ሻያቸውን አስቀመጡና እኔ ከዘፈኑ አልገባም አሉ። የሚገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅቱ ወፍጮ ሰጥታዋለች፣ ወፍጮው ግን አልተመለሰም። የሰው ዕቃ ደግሞ ይመለሳል። ዮኒ ወፍጮው ዕቃ ሳይሆን ድምፅ እንደሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ከሰው እጅ ተቀብለህ ካጠፋኸው ዕቃ ነው አሉት። በዚያች ደቂቃ ሐጂን ብስማቸው ደስ ባለኝ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ሽማግሌ ነገር የሚፈርደው እውነቱን ለአንዱ ሰጥቶ አይደለም፤ ከፍሎ ነው። ሦስቱ ተጠጋግተው ሲመክሩ ቆዩና ጋሽ ሞላ ውሳኔውን ተናገሩ። ጸናጽሉ ይውጣ፣ ነውር ነው። እልልታው ለሙሽራዋ ሲባል ይቆይ። ወፍጮው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተሰምቶ ይጥፋ። ከልጅቱ ጩኸት ሲሶው ይመለስላት፣ ሁለት እጁ እንደለሰለሰ ይቅር። ጩኸቴን እንደ ርስት ሲሶ ቆርሰው መለሱልኝ!

ሲሶዋም አልተገኘችም። ዮኒ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«አባቶች፣ ጥሬው ቀረጻ የለም። የሠርግ ቪዲዮ ማስቀመጫ ቦታ አጥቼ አጠፋሁት።»

እኔም ጋ የለም። እሱ እያሳመረ የሚልክልኝን ለመቀበል ስልኬ ስለሞላ የራሴን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ያቺ አራት ደቂቃ ከዓለም ላይ የለችም ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደገና መከሩ። የሌለ ነገር አይመለስምና ባለው ይስማሙ ተባለ። ጋሽ ሞላ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። አቀርቅሬያለሁ። «ዝም ብላለች» አሉ፤ «ዝምታ መስማማት ነው። እንመርቅ።» ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። ይህን አገር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ከመረቀ ነገሩ አለቀ። ከምርቃት በኋላ ቅሬታ ባነሣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ቄስ ሞገስ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

«አልተስማማሁም።»

ማን እንደተናገረ ለማየት እኔም ዞሬ ነበር። እኔ ነኝ። የሐጂ ሰይድ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ጋሽ ሞላ ያልሰሙ ይመስል ምን እንዳልኩ ጠየቁ። ሽማግሌን እምቢ ያለች ሴት የሚደርስባትን ሁሉ አስቤ ነበር፤ ግን ከአፌ አንዴ የወጣውን መዋጥ አልቻልኩም። ተነሥቼ ወጣሁ። ታለቅሳለች ብለው ነው መሰለኝ ማንም አልተከተለኝም። እኔ ግን ፒክአፑ ላይ ወጣሁና ከድምፅ ማጉያው ጋር የተሰካውን ማይክራፎን አነሣሁ።

ቀን ነው። ፀሐይ ነው። ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ሾፌሮች በየበራፉ ምሳ ይበላሉ፣ ጫት የሚሸጡ አሉ፣ በግ የሚጎትቱ አሉ። ወፍጮ የለም፣ የሚሸፍነኝ ሞተር የለም። ከዚያ በላዬ ላይ አልፈው እህል የደፉት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ፤ ከሁሉም ኋላ ጀሪካን ያንጠለጠለ ዮኒ ቆሟል። አፌን ከፈትኩ።

«ተራዬ ነው!»

ያ ዘፈን መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሸና የሰማው በድምፅ ማጉያ የምትጮኽ ሴት ነው። ሦስተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ ሾፌሮቹ ጉርሻቸውን ጥለው መጡ። አንዱ ጎማ ሲፈታበት የነበረውን ብረት እንደያዘ ነው የመጣው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር አላየሁም፤ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት። ዓይኔን ስገልጥ ፒክአፑ ተከቧል፣ ዮኒ ከቄስ ሞገስ ጀርባ ተሸሽጓል፣ ብረት የያዘው ሾፌር ወደ እኔ አንጋጦ ይጠይቃል፦

«እህቴ፣ ማን ነው የበደለሽ?»

ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ዘፈን እንደሆነ አስረዱት። ሾፌሩ ዘፈን መሆኑን አልካደም፤ ግን ካልተበደለች እንዲህ አትዘፍንም፣ የበደላት ማን ነው አለ። ቄሱ የጾም ቀን መዋሸት አልፈለጉም። ዘወር ብለው ጀርባቸው ያለውን ዮኒን አዩት።

«ኧረ አባ» አለ ዮኒ።

ሐጂ ሰይድ በመሀል ባይገቡ ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም። «አብሽሩ ልጆቼ፣ በእጁ አልነካትም፣ በደሉ የድምፅ ነው» አሉና ከላይ እስከ ታች አስረዷቸው። ሾፌሮቹ እንግዲያው እሱም የሠራው ይሰማ አሉ። ዮኒ እየተንቀጠቀጠ የራሱን ለቀቀ። እስከ እልልታው ድረስ በጸጥታ አዳመጡ።

«ይህችን የዘፈነችው ሌላ ሴት ናት» አለ ባለብረቱ።

ጋሽ ሞላ ራሷ ናት አሉ።

«እንግዲያው ታማ ነበር።»

ዳኝነት ማለት ይህ ነው። ሦስት ሽማግሌ ግማሽ ቀን ያልደረሱበትን አንድ ሾፌር ቆሞ ደረሰበት። ዮኒ ዘፈኑን እሑድ ላያሰማ፣ የሠራውንም ሊያጠፋ ብረቱን እያየ ማለ። የማይክራፎኑ ድምፅ በራሱ መሣሪያ ሲቀረጽ እንደነበረም ያን ጊዜ ተናገረ፤ ለካ ያሁኑ ጩኸቴ ተይዟል። እኔም ይህን ስሰማ ምላሴ ተፈታ። የወፍጮውን ሌላ ቀረጻ እንደምልክለት፣ ጊታሩ ድመት ሳይሆን ሞተር እንዲሆን፣ ድምፄን በጣቱ እንዳይነካ፣ ሁለተኛም ማሬ እንዳይለኝ ነገርኩት። ማይክራፎኑ አሁንም እጄ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ከመንገዱ ማዶ በግ የሚጎትተው ሰውዬ «እውነቷን ነው» ሲል ነው።

ደስ ያላት ሴት ታሪኳን እዚህ ላይ ትጨርስ ነበር። እኔ ግን ከሁለት የተቀየሙ ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ሚኒባስ ወደ ላሊበላ መመለስ ነበረብኝ። ጋሽ ሞላ እስከ መጨረሻው መስኮት መስኮቱን አዩ። ቄስ ሞገስ ከግማሽ መንገድ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ መጀመሪያውኑ ለልጁ ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

ከዮኒ ይልቅ፣ ከጸናጽሉ ይልቅ፣ ከሲሶው ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው፤ ትክክል ነበሩ። ጋሽ ሞላን ይቅርታ ለመጠየቅ ሳምንት ፈጀብኝ። እሳቸውም ይቅርታዬን የተቀበሉት ጤፍ ሳላሳስት ሁለት ቀን ከመዘንኩ በኋላ ነው።

ዘፈኑ በወሩ መጣ። ያለ እልልታ፣ ያለ ጸናጽል። ጊታሩ ያጓራል፣ ወፍጮው ከታች ይፈጫል፣ ከላይ እኔ ነኝ፤ ሸካራ፣ የተቆጣሁ፣ እንደሆንኩት። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁሉም ጸጥ ይልና ከሩቅ የአንድ ሰው ድምፅ ይሰማል፦ «እህቴ፣ ማን ነው የበደለሽ?» ዮኒ ከሥራው ጋር መልእክት ልኳል። ያ የሾፌሩ ድምፅ ሳይታሰብ እንደገባ፣ ሥራውን እንደሚያበላሽ፣ በአንድ ደቂቃ ሊቆርጠው እንደሚችል ጽፏል። መጻፍ መጀመሩ ነው፤ ድምፅ መላክ ፈርቷል።

እኔ ደግሞ በድምፅ መለስኩለት።

«እንዳትነካው» አልኩ፤ «ከእሱ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»